የኢየሱስን ሕይወት ከየት እንጀምር? ወንጌል፣ ቤተክርስቲያንና ፊልም ሲነጻጸሩ

ባለፈው የገና ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ከዋሽንግተን ዲሲ ደወለችልኝ። የአሥር ዓመት ልጇ በጥያቄ ወጥሮ ይዟታል። «እማዬ፣ ኢየሱስ ፀጉሩ ቢጫ ነበር እንዴ? ቤተክርስቲያን ያለው ሥዕል ላይ ጥቁር ነው። ፊልሙ ላይ ቡናማ ነው። አያቴ ቤት ያለው ላይ ደግሞ ቢጫ ነው።» እሷም ግራ ገባት። «እባክሽ አንድ ነገር ምረጪልኝና ከእሱ እንጀምር» አለችኝ።

ቀላል ነገር የጠየቀችኝ መስሎኝ ነበር። «ወንጌል አንብቡ» ብዬ ልገላገል ስል «የትኛውን? በየትኛው ትርጉም?» አለች። እውነቷን ነው። ወንጌሉ አራት ነው። የአማርኛ ትርጉሙም አንድ አይደለም። ፊልሙ ማለቂያ የለውም። የተአምራቱ መጽሐፍ ተአምረ ኢየሱስ አለ፣ በሕማማት የሚነበበው ግብረ ሕማማት አለ፣ ዩቲዩብ አለ። ሁሉም የሚተርከው ያንኑ ሕይወት ነው፤ አተራረኩ ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ እንደ እሷ ለተወዛገበ ሰው ይህን ጻፍኩ። ኦርቶዶክስ ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ ይሁን ዝም ብሎ ማወቅ የሚፈልግ። የማን ሃይማኖት ትክክል ነው የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። የቱ ለማን ይሆናል ነው ጉዳዬ።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ በፊት የማየው አንድ ነገር ነው፦ ከወንጌሉ ጽሑፍ ምን ያህል ይርቃል? ፊልም ሠሪም፣ ሠዓሊም፣ ሰባኪም ክፍተት ሲያገኝ ይሞላል። መሙላቱ ነውር የለበትም። ተመልካቹ የቱ ከመጽሐፍ፣ የቱ ከሠሪው እንደመጣ መለየት ሲያቅተው ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ከዚያ ደግሞ የሕይወቱን የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ፣ ቋንቋው ለሰሚው ይገባው እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት ሰው እንደሚሆን አያለሁ። ገንዘብን መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። አብዛኛው በነጻ የሚገኝ ነው።

እኔ የምጠቀምባት አንዲት መፈተኛ አለች። ማንኛውንም መጽሐፍ ወይም ፊልም በሁለት ቦታ ብቻ እፈትነዋለሁ፦ በልደቱ ሌሊትና በስቅለቱ ቀን።

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና የገናን ሌሊት አስቡት። በረት፣ ሕፃን፣ እረኞች፣ ሦስት ነገሥታት፣ ኮከብ፣ በሬና አህያ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ወንጌል የለም። እረኞቹ ያሉት ሉቃስ ጋ ብቻ ነው። ሰብአ ሰገል ያሉት ማቴዎስ ጋ ብቻ ነው። ማቴዎስም ስንት እንደሆኑ አይናገርም። ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ ብሎ ሦስት ስጦታ ስለቆጠረ እኛ ሰዎቹንም ሦስት አደረግናቸው። የገቡትም «ወደ ቤት» ነው ይላል እንጂ ግርግም አይጠቅስም። በሬና አህያ በሁለቱም ጋ የሉም። እነሱ የመጡት ከኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ነው፦ በሬ ገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ ከሚለው። ማርቆስና ዮሐንስ ደግሞ ስለዚያ ሌሊት አንድም ቃል አልጻፉም።

በጭንቅላታችን ያለው ገና ከየቦታው ተቀናብሮ የተሠራ ነው። ይህን ካወቃችሁ ማንኛውንም ፊልም የምታዩበት ዓይን ይቀየራል።

አራቱ ወንጌላት

አራቱ ተደምረው 89 ምዕራፍ ናቸው። አንድ ሰው በቀን ሦስት ምዕራፍ ቢያነብ በወር ይጨርሳቸዋል። ግን ማንም በዚህ ቅደም ተከተል አንብብ ብሎ አላስገደደንም። ከማቴዎስ ጀምረው «አብርሃም ይስሐቅን ወለደ፤ ይስሐቅም ያዕቆብን ወለደ» የሚለው ላይ ተስፋ የቆረጡ ስንት ሰዎች አውቃለሁ መሰላችሁ።

ማርቆስ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። ድምፅ እያወጡ ቢያነቡት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ልደት የለም፣ የዘር ሐረግ የለም። ቀጥታ ዮርዳኖስ ወንዝ ላይ ይጀምራል። «ወዲያው» የምትለው ቃል በግሪኩ 40 ጊዜ ያህል ትመላለሳለች። ኢየሱስ ወዲያው ወጣ፣ ወዲያው ገባ፣ ወዲያው ፈወሰ። ንግግር ጥቂት፣ ድርጊት ብዙ። ማንበብ ለሚሰለቸው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ የተራራው ስብከት የለም፣ የጠፋው ልጅ የለም። መጨረሻው ላይም አንድ ነገር እወቁ። እጅግ ጥንታዊ የሆኑት ሁለት የግሪክ ቅጂዎች ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ያቆማሉ፤ ሴቶቹ ፈርተው ከመቃብሩ ሲሸሹ። ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፣ በቤተክርስቲያንም ይነበባል። በአንዳንድ ትርጉም የግርጌ ማስታወሻ ስታዩ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።

ማቴዎስ ብሉይ ኪዳንን ለሚያውቅ ሰው ነው። በየገጹ «በነቢይ የተባለው ይፈጸም ዘንድ» ይላል። ከምዕራፍ 5 እስከ 7 ያለው የተራራው ስብከት ብቻውን አንድ መጽሐፍ ያህላል። ብፁዓን፣ አባታችን ሆይ፣ ጠላትህን ውደድ፤ ሁሉም እዚያ ነው። የዘር ሐረጉ ካስፈራችሁ ከምዕራፍ 1 ቁጥር 18 ጀምሩ። ማንም አይቀጣችሁም።

ሉቃስ በምዕራፍ ቁጥር 24 ይሁን እንጂ በጽሑፍ ብዛት ከአራቱ ይረዝማል። ለቴዎፍሎስ ለሚባል ሰው «በጥንቃቄ ተከታትዬ በተራ ልጽፍልህ ወደድሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የኤልሳቤጥ መፅነስ፣ የማርያም መዝሙር፣ እረኞቹ፣ የ12 ዓመቱ ልጅ በመቅደስ፣ ደጉ ሳምራዊ፣ ጠፍቶ የተገኘው ልጅ፣ ሾላ ላይ የወጣው ዘኬዎስ። እነዚህን ከሉቃስ ሌላ የትም አታገኟቸውም። ሴቶችና ድሆች ጎልተው የሚታዩትም እዚህ ነው። ሙሉ ሕይወቱን በአንድ መጽሐፍ ማየት ለሚፈልግ የኔ ምርጫ ሉቃስ ነው።

ዮሐንስ ሌላ ዓለም ነው። «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ብሎ ከፍጥረት በፊት ይነሳል። ቃና ዘገሊላ፣ ኒቆዲሞስ፣ በጉድጓዱ አጠገብ ያለችው ሳምራዊት፣ የአልዓዛር መነሣት እዚህ ብቻ ናቸው። ሦስት ዓመት አስተማረ የምንለውም ዮሐንስ ሦስት ፋሲካ ስለሚቆጥር ነው። ቤተ መቅደሱን ያጸዳበትን ታሪክ ሌሎቹ በሕይወቱ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ሲያደርጉት ዮሐንስ ምዕራፍ 2 ላይ ያመጣዋል። ውብ ነው፣ ግን ለሁለተኛ ንባብ አቆዩት። ሌሎቹን ሳያውቁ ዮሐንስን መጀመር ወጡን ሳይቀምሱ ቅመሙን እንደመላስ ነው።

አሁን በስቅለቱ እንፈትናቸው። በመስቀል ላይ የተናገራቸው ሰባት ቃላት እንላለን፤ ሰባቱን የያዘ አንድም ወንጌል ግን የለም። ማቴዎስና ማርቆስ አንዷን ብቻ፣ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» የምትለዋን ጻፉ። ሉቃስ ሦስት ጻፈ፤ «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ከእነሱ አንዷ ናት። ዮሐንስ ሌላ ሦስት ጻፈ፤ «ተጠማሁ» እና «ተፈጸመ» የእሱ ናቸው። አብረውት የተሰቀሉትም ማርቆስ ጋ ሁለቱም ይነቅፉታል፤ ሉቃስ ጋ አንዱ «አስበኝ» ይላል።

«ታዲያ አራቱን ጨምቆ አንድ ያደረገ የለም?» ብላኛለች ጓደኛዬ። አለ። በ2ኛው መቶ ዘመን ታቲያን የሚባል ሶርያዊ አቀናብሮት ነበር። ቤተክርስቲያን ግን አራቱን ለየብቻ መያዝ መረጠች። አድዋ አቅራቢያ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ጥንታዊ የግእዝ ወንጌልም አራቱን ለየብቻ ነው የያዘው።

የትኛው የአማርኛ ትርጉም?

እዚህ ላይ አጠር ላድርገው። ወንጌላት በአማርኛ መጀመሪያ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ ካይሮ የነበረው አባ አብርሃም ከተረጎመው ላይ። ዛሬ ብዙ ቤት ያለው በንጉሡ ዘመን በ1954 ዓ.ም. የወጣው ነው። ቋንቋው ግርማ አለው፣ በቃል ለማጥናት ይመቻል። ልጆች ግን ብዙ ቦታ ላይ ይደናቀፉበታል። የ1980 ዓ.ም. ትርጉምና አዲሱ መደበኛ ትርጉም ወደ ዛሬው አነጋገር ይቀርባሉ። ውጭ አገር ላደገ ልጅ ከነዚህ አንዱን ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስጡት።

መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ነው ወይስ 81 የሚለው ጥያቄ እዚህ አያስጨንቃችሁም። አራቱ ወንጌላት በሁለቱም አንድ ናቸው። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ አንድምታው አለ። የግእዙን ንባብ ያስቀምጥና በአማርኛ ይፈታዋል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ ትርጉም ይደረድራል። ለጀማሪ አይመከርም። ትዕግሥት ላለው ግን የሊቃውንቱ ጉባኤ ቤት ውስጥ እንደመቀመጥ ነው።

ዓመቱን ሙሉ የሚነበብ ሕይወት

ብዙ ሰው እንደ ምርጫ የማይቆጥረው ግን እኔ በጣም የምወደው ይኼኛው ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። የኢየሱስን ሕይወት ግን ከኔ በላይ ታውቅ ነበር። ከየት አመጣችው? ከቀን መቁጠሪያው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ዓመቱ ራሱ ታሪኩን ይተርካል። መጋቢት 29 ፅንሰቱ፣ ታኅሣሥ 29 ልደቱ፣ ጥር 6 ግዝረቱ፣ ጥር 11 ጥምቀቱ፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ እሑድ በእሑድ ስም አለው። መፃጉዕ የ38 ዓመቱ በሽተኛ ነው። ገብር ኄር የመክሊቱ ምሳሌ ነው። ኒቆዲሞስ በሌሊት የመጣው መምህር ነው። ከዚያ ሆሳዕና፣ ሕማማት፣ ትንሣኤ፣ ዕርገት። ነሐሴ 13 ጅራፍ እያጮኹ «ሆያ ሆዬ» የሚሉት ልጆች ሳያውቁት ማቴዎስ ምዕራፍ 17ን እያከበሩ ነው፤ ደብረ ታቦር ነዋ።

አንዳንዱ ቦታ ላይ ቤተክርስቲያን ከወንጌሉ በላይ ትቆያለች። ወደ ግብፅ የተሰደዱበትን ታሪክ ማቴዎስ በጥቂት ቁጥሮች ነው የጨረሰው። እኛ ጋ ግን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን፣ ወርኃ ጽጌ ሆኖ ማኅሌት ይቆምለታል። በሦስት መስመር የተነገረው የእናትና የልጅ ስደት በአበባ ወራት ሌሊቱን ሙሉ ሲዜም ሰምታችሁ ካላወቃችሁ ብዙ አምልጧችኋል።

የስቅለት ዕለት ደግሞ ሰውነት ነው የሚማረው። ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት። ግብረ ሕማማት በነግህ፣ በ3፣ በ6፣ በ9፣ በ11 ሰዓት ይነበባል። «ኪርያላይሶን» ይባላል። መጨረሻ ላይ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባህን መታ መታ ያደርግና ስገድ ይልሃል። በማግስቱ ጉልበትህ ሲያምህ ታሪኩ ከጭንቅላት አልፎ እግር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

በመመዘኛዬ ስፈትነው ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ትውፊት ይጨምራል። በቀኝና በግራ የተሰቀሉት ጥጦስና ዳክርስ ይባላሉ፤ ወንጌል ስማቸውን አልጻፈም። አምስቱ ችንካሮች ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ ተብለው ይጠራሉ፤ ይህም ከወንጌል ውጭ ነው። እንስሳቱ በትንፋሻቸው እንዳሞቁት ይነገራል። ተአምረ ኢየሱስ ውስጥ ሕፃኑ ከጭቃ የሠራቸው ወፎች ነፍስ ዘርተው ይበራሉ፤ የጭቃውን ወፍ ቁርኣንም ይጠቅሰዋል። የካቶሊኮቹ ፍኖተ መስቀልም እንዲሁ ነው። ከ14ቱ ማረፊያዎች መካከል ሦስት ጊዜ መውደቁና ቬሮኒካ ፊቱን መጥረጓ በወንጌል የሉም። ለምእመኑ ይህ ትውፊት ሀብት ነው። «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የቱ ጋ አለ?» ለሚለው ልጅ ግን መልሳችሁን አዘጋጁ።

ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። ቅዳሴውና ንባቡ በግእዝ ሲሆን ዲሲ ያደገ ልጅ ቀርቶ አዲስ አበባ ያደገውም ያዛጋል። የሚያስረዳው ሰው አጠገቡ ከሌለ ምርጫው ግማሽ ይሆናል።

ሥዕል

የቤተክርስቲያን ግድግዳ የድሮ ሰው ፊልም ነበር። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ፊት ለፊት ስቅለቱ፣ ከበላዩ ሥላሴ። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። በእኛ አሣሣል ደጎቹ ፊታቸውን ሙሉ ወደ እናንተ አዙረው በሁለት ዓይን ያያሉ። ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ልጅን ይዛችሁ «ባለ አንድ ዓይኑን ፈልግ» በሉት። ሳይሰለቸው ቀኑ ይመሻል። ላሊበላም ከሄዳችሁ ቤተ ጎልጎታን ታያላችሁ፣ ዮርዳኖስ የተባለውን ወንዝ ትሻገራላችሁ፤ ታሪኩን በእግር ትሄዱበታላችሁ።

ፊልሞቹ

በብዛት የሚታዩትን ብቻ ነው የማነሳው።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ጂሰስ» በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ከ2000 በላይ ቋንቋ ተተርጉሟል፣ አማርኛም አለው። ማታ ሜዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ ያየው ሰው ብዙ ነው። በሲኒማ ጥበብ አያስደንቅም። ከጽሑፉ ግን ብዙም አይወጣም። በነጻም ይገኛል።

«ጂሰስ ኦፍ ናዝሬት» እ.ኤ.አ. በ1977 ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። ሞሮኮና ቱኒዚያ ነው የተቀረጸው። አራቱን ወንጌላት ያዋህዳል፤ ስለዚህ በልደቱ መፈተኛዬ ድብልቅ ነው። ግን ሕይወቱን ከእናቱ መታጨት እስከ ትንሣኤው በሰፊው የሚያሳይ እንደ እሱ ጥቂት ነው። ዋናው ተዋናይ ሮበርት ፓወል ዓይኑን ሲያርገበግብ ካያችሁት ንገሩኝ። ሆን ተብሎ ነው ይባላል።

«ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» (እ.ኤ.አ. 2004) የመጨረሻዎቹን 12 ሰዓታት ብቻ ነው የሚያሳየው። ንግግሩ በአራማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን ነው። ከወንጌል በተጨማሪ አን ካትሪን ኤመሪክ የተባለች ጀርመናዊት መነኩሲት ራእይ ታክሎበታል። ግርፋቱ ዘግናኝ ነው። ለአዋቂ የስቅለት ሰሞን የሚከብድ ፊልም ነው። ልጆች ፊት አትክፈቱት፤ አሜሪካም ውስጥ ለልጆች ገደብ የተደረገበት ነው። ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳስተማረ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚታይ አይደለም። ሞቱን አሳይቶ ሕይወቱን በጨረፍታ ነው የሚያሳልፈው።

«ዘ ቾዝን» እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረ ተከታታይ ነው፤ ሰባት ምዕራፍ እንዲኖረው ታስቦ ከተመልካች በተዋጣ ገንዘብ ተነሳ። ወጣቶችን የያዘው እሱ ነው። ጴጥሮስ ዕዳ አለበት፣ ማቴዎስ ከሰው ጋር መግባባት ይከብደዋል። ሁሉም ሰው ሰው ይሸታል። ግን ከወንጌሉ የራቀውም እሱ ነው። አንድ ሙሉ ክፍል ተመልክታችሁ ከወንጌል የተወሰደው አምስት ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ እወደዋለሁ፤ አንድ ክፍል ካየሁ በኋላ ታሪኩን ከመጽሐፉ መፈለግ ልማዴ ሆኗል። እንዲህ ካደረጋችሁ ምርጥ አስተማሪ ነው። ካላደረጋችሁ ደግሞ ከዓመት በኋላ የጴጥሮስን ዕዳ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያነበባችሁት ይመስላችኋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የፓዞሊኒ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ «የማቴዎስ ወንጌል» ነው፤ እ.ኤ.አ. 1964። ንግግሩ ከማቴዎስ የተወሰደ ነው። ተዋናዮቹ ሙያተኛ አይደሉም፣ ፊታቸው የገበሬ ፊት ነው። የሚገርመው ዳይሬክተሩ አምላክ የለሽ ነበር። አማኝ ሳይሆን ለጽሑፉ ከብዙ አማኞች በላይ ታመነ።

ፖስተሩና ታሪኩ

የልጁን ጥያቄ አልረሳሁም። አራቱ ወንጌላት ስለ ኢየሱስ ፀጉርም፣ ቁመትም፣ ቀለምም አንድም ቃል አይናገሩም። በ1ኛው መቶ ዘመን በገሊላ የኖረ አይሁዳዊ እንደነበረ ግን እናውቃለን፤ ስለዚህ ቢጫውን ፀጉር እርሱት። ፈካ ያለ ቡናማ ፀጉር ያለው፣ ወደ ጎን የሚያይ፣ በየዓለሙ የተባዛው ምስል እ.ኤ.አ. በ1940 ዋርነር ሳልማን የተባለ አሜሪካዊ ከሳለው የመጣ ነው። ለቤት ጌጥ ከሆነ ችግር የለውም። ለትምህርት ግን አትጠቀሙበት።

ከእምነት ውጭ «በእርግጥ ኖሯል ወይ?» ለሚል ሰው አጭሩ መንገድ ሁለት ጥንታዊ ጸሐፊዎች ናቸው። አይሁዳዊው ፍላቪየስ ጆሴፈስ እ.ኤ.አ. በ93 ገደማ ጠቅሶታል። ሮማዊው ታሲተስ ደግሞ በ116 ገደማ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እንደተገደለ ጽፏል። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1961 ቂሣርያ ላይ ተገኝቷል። ሁለቱ ጸሐፊዎች ስለ እሱ የሚሉት ከጥቂት መስመር አያልፍም። ሕይወቱን ለማወቅ ተመልሳችሁ ወንጌሉ ጋ መምጣታችሁ አይቀርም።

በአንድ እይታ

| ምርጫ | ከወንጌል ያለው ርቀት | የሚይዘው | ጊዜ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ማርቆስ | ራሱ ነው | ከጥምቀት እስከ ባዶው መቃብር | 1 ሰዓት ተኩል | ማንበብ ለሚሰለቸው |
| ሉቃስ | ራሱ ነው | ከልደት በፊት እስከ ዕርገት | 2 ሰዓት ተኩል | ለቤተሰብ፣ ለጀማሪ |
| ማቴዎስ | ራሱ ነው | ልደት፣ ትምህርት፣ ትንሣኤ | 2 ሰዓት ተኩል | ብሉይን ለሚያውቅ |
| ዮሐንስ | ራሱ ነው | የተመረጡ ታሪኮችና ረጅም ንግግሮች | 2 ሰዓት | ለሁለተኛ ንባብ |
| አንድምታ | ጽሑፉና ትርጓሜው ጎን ለጎን | አራቱም | ወራት | ትዕግሥት ላለው |
| የቤተክርስቲያን ዓመት | ወንጌልና ትውፊት | ሙሉ ሕይወቱ | 1 ዓመት | ለማያነብ፣ ከሕዝብ ጋር መማር ለሚወድ |
| ሥዕል | ወንጌልና ትውፊት | የተመረጡ ትዕይንቶች | ግማሽ ቀን | ለልጆች |
| «ጂሰስ» | ቅርብ | በሉቃስ መንገድ | 2 ሰዓት | በአማርኛ ማየት ለሚፈልግ |
| «ጂሰስ ኦፍ ናዝሬት» | መካከለኛ፣ አራቱ ተቀላቅለው | ሙሉ ሕይወቱ | ከ6 ሰዓት በላይ | ለበዓል ቀን ከቤተሰብ ጋር |
| «ዘ ፓሽን» | መካከለኛ፣ ራእይ ታክሎበት | የመጨረሻ 12 ሰዓታት | 2 ሰዓት | ለአዋቂ ብቻ |
| «ዘ ቾዝን» | ሩቅ፣ ብዙ ፈጠራ | አገልግሎቱ | ብዙ ሳምንት | ለወጣት፣ መጽሐፉን አጠገቡ ለያዘ |
| የፓዞሊኒ ፊልም | በጣም ቅርብ | በማቴዎስ መንገድ | ከ2 ሰዓት በላይ | ሲኒማ ለሚወድ |

እናንተ የቱ ጋ ናችሁ?

አንድ ብር ማውጣት የማትፈልጉ ከሆነ ስልካችሁ ይበቃል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያ በነጻ አለ፣ በድምፅም ይገኛል። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ የታተመ አዲስ ኪዳን ግዙ፤ እርሳስ ይዞ ማስመር ከስክሪን ይሻላል። ከዚያ በላይ ካላችሁ አንድምታውን፣ ወይም ወደ ላሊበላ የሚወስዳችሁን ቲኬት።

ዓረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት ካለቻችሁ፣ ጊዜዋ ማታ ብቻ ነው። ማርቆስን በድምፅ ላኩላት። ሥራ ስትጨርስ በጆሮ ማዳመጫ በሁለት ሌሊት ይጠናቀቃል።

ባል ኦርቶዶክስ ሚስት ፕሮቴስታንት የሆኑበት ቤት ውስጥ ሉቃስ ሰላም ያመጣል። የማርያም ምስጋናም አለ፣ ሁለቱም የሚወዱት የጠፋው ልጅም አለ። ፊልም ግን አብራችሁ ስታዩ ስለ ማርያም የሚመጣውን ክርክር ቀድማችሁ ተዘጋጁበት።

አዛውንት እናት ካሏችሁ ምንም አትምረጡላቸው። የስቅለት ዕለት አብራችኋቸው ሂዱና ጠይቋቸው። ለትንሽ ልጅ ሥዕሉን አስቀድሙ፣ ከዚያ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን፣ ከዚያ የ1979ኙን ፊልም። ጎረምሳ ከሆነ «ዘ ቾዝን» ይጎትተዋል፤ እናንተ መጽሐፉን ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ሙስሊም ጎረቤታችሁ ማወቅ ከፈለገ ሉቃስን ስጡት። የዘካርያስና የማርያም ታሪክ ከቁርኣን ስለሚያውቀው ቤቱ የገባ ያህል ነው የሚሰማው።

የጓደኛዬ ልጅስ? እሱን ከሥዕሉም ከሉቃስም አላስጀመርኩትም። ማንበብ አይወድም፣ መሮጥ ነው የሚወደው። ስለዚህ ማርቆስ። እናትና ልጅ በየማታው አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ቁጥር በአማርኛ፣ አንድ ቁጥር በእንግሊዝኛ እየተቀባበሉ ያነባሉ። አራተኛው ቀን ላይ ራሱ ደወለልኝ። ምዕራፍ 4 ላይ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲመታት ኢየሱስ በስተኋላዋ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። ትራሱን የጻፈው ማርቆስ ብቻ ነው። ልጁ ስለ ፀጉሩ አልጠየቀኝም።

«ማነው ትራስ ጀልባ ውስጥ ያስገባው?» አለኝ።